ሁለት ዲስክ ለአንድ ቢሮ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ በዋናው መንገድ ዳር፣ ከአንድ መድኃኒት ቤት አጠገብ ሁለት ክፍል የተከራየ የቅየሳና የንድፍ ቢሮ ነበረን። «ነበረን» ማለቴ ከልማድ ነው እንጂ ቢሮው የእኔ አልነበረም። ባለቤቱ ግማሽ ዕድሜያቸውን በመንግሥት የውኃ ሥራ ያሳለፉ፣ ኋላም ደመወዛቸውን ትተው የራሳቸውን ፈቃድ ያወጡ መሐንዲስ ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። እኔ የኮምፒውተር ዲፕሎማዬን ይዤ የመጣሁ የደምበጫ ልጅ ነኝ። የተቀጠርኩት በኮምፒውተር ንድፍ እንድሠራ ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን ማሽን ሲበላሽ የምጠግነውም፣ ፕሪንተር ወረቀት ሲበላ ጎትቼ የማወጣውም እኔው ሆንኩ። ሦስተኛችን ከሜዳ ሜዳ እየዞረ የሚለካው ቀያሽ ነበር።

ጊዜው መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ስለ አሠራር ለውጥ፣ ስለ «ቢፒአር» የሚያወራበት፣ ባጃጅ ከጋሪ ጋር መንገድ መጋፋት የጀመረበት ነው። በየገጠሩ ትምህርት ቤት፣ ጤና ኬላ፣ የውኃ ቦኖ ይሠራል፤ ለእንደኛ ዓይነቱ ትንሽ ቢሮም ሥራ አልጠፋም። ንድፉም ልኬቱም የሚቀመጠው በአንድ ኮምፒውተር ላይ ነበር። የቀሩት ማሽኖች ከእሱ ጋር በገመድ ተያይዘው የሚፈልጉትን ፋይል ከዚያ ይከፍታሉ።

አንድ የሐምሌ ጠዋት ያን ኮምፒውተር ሳበራው ከውስጡ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዲስኩ ድምፅ ያሰማል እንጂ አይነሣም። አጥፍቼ አሳረፍኩት፤ ደግሜ አበራሁት። ገመዱን ቀየርኩ። ፈትቼ ሌላ ማሽን ላይ ሰካሁት፤ ድምፁ አብሮት ሄደ። ባሕር ዳር ድረስ ልከነው አንድ ባለሙያ ከፍቶ አየውና «ውስጡ ተቧጭሯል፤ አዲስ አበባም ብትወስዱት ለውጥ የለውም» ብሎ መለሰልን።

ከጠፋው ሁሉ የከፋው የቋሪቱ ሥራ ነበር። ከገበዘ ማርያም ራቅ ብሎ ባለ ቀበሌ፣ ከተራራ ወገብ የሚፈልቅ ምንጭ በቧንቧ ወደ ታች ሊወርድ ነው። ቀያሻችን በበጋው ገደሉን እየወጣ እየወረደ የለካው ልኬት በዚያ ዲስክ ላይ ነበር። የመለኪያ መሣሪያው ደግሞ ለሌላ ሥራ ስለተፈለገ ውስጡ የነበረው ተጠርጓል። ጋሼ «እንግዲህ እንደገና እንለካለን» አሉ። 

በክረምት ጭቃ ሦስታችንም ሄድን። መኪናው የሚያደርሰን ቦታ ድረስ አደረሰን፤ የቀረውን በእግር ወጣነው። የቀበሌው ሰዎች አረማቸውን ትተው መጥተው ነበር። ባለ ሦስት እግሩን ማቆሚያ አንዱ ይሸከማል፣ የመለኪያውን ዘንግ ሌላው ይይዛል። እኔ ቁጥሩን እየተቀበልኩ ወረቀት ላይም እጽፋለሁ፤ ማሽን አላምን ብያለሁ። ከሰዎቹ መካከል አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ በበጋውም ለቀያሹ መንገድ ያሳዩት እሳቸው ናቸው። ዝናቡ ጋብ ሲል ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ሳለ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ያን ጊዜ የለካችሁት ምን ሆነ?»

«ማሽኑ ተበላሽቶ ጠፋብን፣ አባቴ።»

ሽማግሌው ተራራውን ቀና ብለው አዩት። «ይሁን። የእናንተ ልኬት ቢጠፋ የእኛ ተራራ አልጠፋ። ይኸው ቆሞላችኋል፤ ለኩት» አሉ።

ሰዎቹ ሳቁ፤ ጋሼም ሳቁ። እኔን ግን ንግግራቸው ጠለቅ ብሎ ገባኝ። በዚያው ሰዓት ሴቶች እንስራ አዝለው ከእግራችን በታች ባለው ቀጭን መንገድ እየተንሸራተቱ ይወርዱ ነበር። ውኃው ለእነሱ የሚደርስበት ጊዜ የራቀው በእኛ ቢሮ ውስጥ የመዳፍ ያህል ብረት ስለተበላሸ ነው። ስንመለስ፣ መኪናው ውስጥ ጉልበቴ ድረስ ጭቃ እንደሆንኩ፣ ይህ ነገር ዳግመኛ እንዳይደርስብን አደርጋለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። ጋሼ ፈቀዱም አልፈቀዱም የምተወው ነገር አልነበረም።

በከተማው ወደነበረው ኢንተርኔት ቤት መመላለስ ጀመርኩ። አንድ ገጽ እስኪከፈት ድረስ ሰው ደጅ ወጥቶ ይመለስ ነበር። ያገኘሁትን አሳትሜ ቢሮ ወስጄ፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ አነበዋለሁ። ነገሩ ሬይድ ይባላል፤ ብዙ ዲስኮችን አጣምሮ እንደ አንድ ማሠራት ነው። ግን አጣማመሩ ልዩ ልዩ ነው። አንደኛው ዓይነት ፋይሉን ቆራርጦ ለሁለት ዲስክ ያካፍላል፤ ፍጥነት አለው፣ አንዱ ዲስክ ከሞተ ግን ሁሉም ይሞታል። ሁለተኛው የተጻፈውን ሁሉ በሁለቱም ዲስክ ላይ እኩል ይጽፋል፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ሙሉውን ይዞ ይቀጥላል። ሦስተኛው ቢያንስ ሦስት ዲስክ ይፈልጋል፤ ከዲስኮቹ የአንዱን ያህል ቦታ ለመጠባበቂያ ሒሳብ ይይዝና፣ አንዱ ሲሞት የጠፋውን ከቀሩት ቀምሮ ያወጣዋል።

ጋሼ መጀመሪያ ያሰቡት እንደ ትልልቁ መሥሪያ ቤት የተዘጋጀ ሰርቨር መግዛት ነበር። ከባሕር ዳር ፕሮፎርማ አስመጡ። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡትና እጥፍጥፍ አድርገው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

«ይሄ ለባንክ ነው» አሉ። «እኛ ቢሮ ከገባ ለእኛ መቀመጫ አይተርፈንም።»

«እኔ የተቀመጠውን አሮጌ ማሽን አስተካክላለሁ» አልኳቸው። «ፕሮሰሰሩ ፋይል ለማቀበል ይበቃል። የሚያስፈልገን ሁለት አዲስ ዲስክና መብራት ሲሄድ ማሽኑን የሚያቆይ ጥሩ ዩፒኤስ ነው።»

«ሁለት ዲስክ ስትገዢ የሁለት ዲስክ ቦታ ታገኛለሽ ማለት ነው?»

«አይደለም፣ ጋሼ። የአንዱን ብቻ ነው።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ለሁለት ከፍዬ በአንድ ልጠቀም?»

እንዲህ እንደሚሉ አውቅ ነበር፤ በእሳቸው ቦታ ብሆን እኔም የምለው ነው። ስለዚህ በቃል ልከራከራቸው አልሞከርኩም። «ከመግዛታችን በፊት ላሳይዎት። ካላመኑበት ይቀራል» አልኩ።

ከተጣሉ ማሽኖች የወጡ ሁለት አሮጌ ትንንሽ ዲስኮች ነበሩኝ። በነጻ የሚገኝ የሰርቨር ሲስተም ጫንኩና ሁለቱን አጣመርኳቸው። አንድ ቀትር ላይ ጋሼ የአንድ ትምህርት ቤት ንድፍ ከዚያ ማሽን ከፍተው እያስተካከሉ ሳለ፣ «አሁን ሥራዎን እንዳያቋርጡ» አልኩና ከማሽኑ ክዳን ሥር እጄን አስገብቼ የአንዱን ዲስክ ገመድ ነቀልኩት። ጋሼ ገመዱን በእጄ ላይ አዩ። ስክሪኑን አዩ። አንድ መስመር አሰመሩ፤ ተሰመረ። ሴቭ አደረጉ፤ ተቀመጠ። ፋይሉን ዘግተው ደግመው ከፈቱት፤ መስመሩ እዚያው አለ።

«አሁን በአንዱ ብቻ ነው የሚሄደው?»

«በአንዱ ብቻ።»

«እሱም ቢሞትስ?»

«ያኔ አለቀ። አንዱ ሲሞት ቶሎ መተካት አለብን።»

«መልሺው» አሉ። መልሼ ሰካሁት። ዲስኩ የጎደለውን ከሌላው እየቀዳ እስኪያስተካክል ድረስ ረጅም ሰዓት ፈጀ፤ ጋሼ በመሐል እየመጡ ምን ያህል እንደደረሰ ያያሉ። ሲጠናቀቅ፣ «ለዩፒኤሱ ሶኬት ኧርዝ፣ ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦ፣ ያስፈልገዋል። ይህ ቤት ኧርዝ የለውም፤ ክረምት ሲመጣ በመብረቅ ታስፈጂዋለሽ» አሉኝ። ስለዚህ ጉዳይ አላሰብኩም ነበር። በማግሥቱ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርተው፣ ግቢው ውስጥ አስቆፍረው የኧርዙን ዘንግ አስቀበሩ። ፈቃዳቸው በዚህ ገባኝ።

ዲስክ ለመግዛት ቡሬ ሄድኩ። እዚያ ከመርካቶ እያመጡ ሬድዮውንም ኮምፒውተሩንም የሚሸጡ አንድ ሐጂ ነበሩ፤ የሸጡት ዕቃ ከተበላሸ ሳይጨቃጨቁ ስለሚቀይሩ ከዳሞት እስከ ወለጋ መንገድ ድረስ ሰው ያምናቸዋል። የምፈልገውን ስነግራቸው ከመደርደሪያው ሥር አንድ ካርቶን ጎትተው አወጡ። ውስጡ ያገለገሉ ዲስኮች ተደርድረዋል።

«አራቱን ውሰጂ» አሉኝ። «በአንድ አዲስ ዲስክ ዋጋ አራት። እንዳልሽው ብታጣምሪያቸው ቦታም አለሽ፣ መጠባበቂያም አለሽ።»

ልቤ ከጀለ። አራቱን በሦስተኛው መንገድ ባጣምራቸው፣ ከሁለቱ አዲስ ዲስኮች የበለጠ ቦታ ይኖረናል፤ የሚተርፈው ገንዘብም ለዩፒኤሱ ይሆናል። ግን በሱቁ ኮምፒውተር ላይ እየሰካሁ ዕድሜያቸውን አየሁ። ዲስክ ስንት ሰዓት እንደሠራ በራሱ ላይ ይመዘግባል። አራቱም ለዓመታት ሌት ተቀን የሠሩ ነበሩ፤ ከአንድ መሥሪያ ቤት አብረው የወጡ ይመስላል። አንዱ ሲሞት የቀሩት ለማገገም ብዙ ይለፋሉ፤ በዚያ ልፋት መሐል ደግሞ ሁለተኛው ቢሄድ ሁሉም ይሄዳል።

«አይሆኑኝም፣ ሐጂ። ደክመዋል። አዲስ ሁለት ይስጡኝ።»

አልተቀየሙም። ሁለት የታሸጉ ዲስኮች ከአንድ ካርቶን አውጥተው አስቀመጡልኝ። ቁጥራቸውን አየሁ፤ ተከታታይ ነው።

«አንዱን ከሌላ ካርቶን ቢያደርጉልኝስ?»

«ምነው? ያው አንድ ዓይነት አይደል?»

«አንድ ቀን የተሠሩ ከሆኑ አንድ ዓይነት ችግር ይኖርባቸዋል። አንድ ላይ እንዳይሞቱብኝ ነው።»

ሐጂ ፈገግ አሉ። «መንታ አትፈልጊም፤ ወንድማማች ይበቃሻል» አሉና ከጓዳ ሌላ ካርቶን አስከፈቱ። ዲስኮቹን የሚያጣምር ካርድም ነበራቸው፤ ርካሽ ነው። እሱንም ተውኩት። ያ ካርድ አንድ ቀን ቢቃጠል እሱን የሚመስል ቡሬም ፍኖተ ሰላምም ላላገኝ እችላለሁ፤ ያለ እሱ ደግሞ ዲስኮቹ አይነበቡም። በሲስተሙ ካጣመርኳቸው ግን ማሽኑ ቢቃጠልም ዲስኩን ፈትቼ በማንኛውም ሌላ ኮምፒውተር ላይ አነበዋለሁ። የካርዱን ዋጋ ለጠንካራ ዩፒኤስ አዋልኩት።

ማሽኑን ለብቻው በአንድ ጥግ፣ ከወለሉ ከፍ አድርጌ አስቀመጥኩት። ሲጀምር ጋሼና እኔ አጠገቡ ቆመን ነበር። ሥራውም ሰመረ። ግን እኔ አልጨረስኩም። ሁለቱ ዲስኮች አንድ ሳጥን ውስጥ ናቸው፤ ሌባ ቢገባ አብረው ይሄዳሉ። ደግሞም ሰው ተሳስቶ ፋይል ቢያጠፋ ከሁለቱም ላይ እኩል ይጠፋል፤ ማሽኑ ስህተትና ትእዛዝ አይለይም። ሦስተኛ ዲስክ ከቢሮው ውጭ መኖር አለበት። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ትዕግሥታቸው አለቀ።

«አንቺ ልጅ፣ ዲስክ ልታረቢ ነው ወይስ ንድፍ ልትሠሪ?»

«አዲስ አይገዛም። የሞከርንባቸው አሮጌዎቹ አሉ፤ ለዋና ዋናው ሥራ ይበቃሉ።»

«ውጭ ማለት የት ነው?»

«ደምበጫ፣ እናቴ ቤት።»

ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴን ለመጠየቅ ስሄድ ከሁለቱ አሮጌ ዲስኮች አንዱን በፎጣ ጠቅልዬ ይዤ እሄዳለሁ፤ ባለፈው ሳምንት የወሰድኩትን ይዤ እመለሳለሁ። እናቴ የደህናውን ልብሷን በምታስቀምጥበት ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችልኝ። መጀመሪያ ቀን አገላብጣ አየችውና፣ «ይሄ ምን ይሠራል?» አለችኝ።

«የሠራነውን ሁሉ ይይዛል፣ እማዬ።»

«ይናገራል?»

«ማሽን ላይ ሲሰካ።»

«እንግዲያ እዚህ ዝም ብሎ ይረፍ» አለችና ሣጥኑን ቆለፈችው። ከዚያ ወዲህ ከቤት ስትወጣ ለጎረቤት አደራ የምትለው መጀመሪያ ስለዚያ ሣጥን ነበር።

ፈተናው የመጣው በሌላው ዓመት ሰኔ ላይ ነው። በሰኔ በጀት ስለሚዘጋ ወረዳው ሁሉ ንድፉን አሁኑኑ አምጡ ይላል። ዝናቡም ጀምሯል። አንድ ጠዋት ቢሮ ስገባ ማሽኑ ከሁለቱ ዲስኮች አንዱ ከሥራ መውጣቱን የሚገልጽ መልእክት ጽፎ ጠበቀኝ። ጋሼ ከኋላዬ መጥተው አነበቡት። ፊታቸው ተለወጠ፤ የቋሪት ጭቃ ትዝ እንዳላቸው አየሁ።

«ሞተ?»

«አንዱ ሞቷል። ሌላው እየሠራ ነው። እርስዎ ሥራዎን ይቀጥሉ፤ የዛሬውን ብቻ በፍላሽ ደግመው ይያዙ። እኔ ቡሬ ደርሼ እመጣለሁ።»

መናኸሪያ ሄጄ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሐጂ ሱቃቸው ነበሩ። ያንኑ ዓይነት ዲስክ ጠየቅኳቸው፤ አልቋል። ያላቸው ከእሱ የሚያንስና ከእሱ የሚበልጥ ነው።

«ትልቁ ይገባል?» አሉኝ።

«ትልቁ ይገባል፤ ትንሹ ነው የማይገባው።»

ስመለስ ማንኩሳ አለፍ እንዳልን አንድ ጭነት መኪና ተንሸራቶ መንገዱን ዘግቶ አገኘነው። ሾፌሩ እስኪጎተት እንጠብቅ አለ። እኔ መጠበቅ አልቻልኩም። ዲስኩን በፌስታል ደራርቤ ከጋቢዬ ሥር አቀፍኩና ወርጄ በቦዩ ዳር አለፍኩ፤ ከወዲያ ማዶ ተመልሶ የሚሄድ መኪና ለምኜ ገባሁ። በመሐል ጋሼ ደወሉ። 

«ምን ሆነ፣ ጋሼ?»

«ምንም። እየሠራ ነው ልልሽ ነው።»

ቢሮ ስደርስ ልብሴ ከላዬ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። እጄን አድርቄ የሞተውን ፈታሁ፤ አዲሱን ሰካሁ፤ ቅጂው ተጀመረ። ያቺ ሰዓት ክፉ ናት፤ ያለን አንድ ዲስክ ብቻ ነው፣ እሱም ሙሉውን እየተነበበ ይለፋል። ቅጂው ገና እንደተጋመሰ መብራት ሄደ። ዩፒኤሱ መጮህ ጀመረ። ጋሼ ወጥተው ከመድኃኒት ቤቱ ጄኔሬተር ገመድ ስበው ገቡ፤ የመድኃኒት ቤቱን ባለቤት አስቀድመው አናግረውት ኖሯል። ቀያሹ ደግሞ ነዳጅ ሊያመጣ ሮጠ። እኔ ሌሎቹን ማሽኖች አጠፋሁ፤ ፋይል የሚከፍት እንዳይኖር በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። ጀንበር ሳትጠልቅ ሁለቱም ዲስኮች ጤነኛ ናቸው የሚለውን መልእክት አየን። ጋሼ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

«ያን ቀን ገመዱን ስትነቅይው፣ ተንኮለኛ ልጅ ናት ብዬሽ ነበር» አሉኝ።

«አሁንስ?»

«አሁንም ነሽ። ነገ ጠዋት ንድፎቹን አትመሽ ጨርሺ፤ በጀቱ ሳይዘጋ እናስረክብ።»

አስረከብን። አንዲት መስመር አልጎደለችም። ሐምሌ ላይ ጋሼ የዓመቱን ዕቅድ ሲያወጡ፣ ሳልጠይቃቸው ለመጠባበቂያ የሚቀመጥ አንድ ዲስክ ይገዛ ብለው አስገቡ። ቡሬ ሄጄ ገዝቼው መጣሁና ከነእሽጉ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት።

ብዙም ሳይቆይ ጂጋ ያለ አንድ የሕንፃ ተቋራጭ ወሬውን ሰምቶ ደወለልኝ። ኮምፒውተሩ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀምሯል፤ ርካሽ ሰርቨር ብትሠሪልኝ አለኝ። «ማሽኑን አሁኑኑ አጥፋው፣ እስክመጣ እንዳትከፍተው» አልኩት። በማግሥቱ እሑድ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣሁ ካቻቪቴዬን በቦርሳዬ ይዤ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ።